ማሪያኖ ሪቬራ
ማሪያኖ ሪቬራ (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1969 በፓናማ ሲቲ የተወለደ) ከ1995 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ለኒው ዮርክ ያንኪስ የተጫወተ ፓናማዊ የቤዝቦል ተጫዋች ነው። የሥራ ድርሻው ተተኪ ኳስ ወርዋሪ ነበር። በቤዝቦል ቡድኑ በጠባብ ልዩነት ሲመራ፣ በጨዋታው መጨረሻ ገብቶ ድሉን ያስጠበቀ ተተኪ «ሴቭ» የተባለ ነጥብ ይመዘገብለታል። ሪቬራ በ652 ሴቭ የምንጊዜም ክብረ ወሰን ባለቤት ነው።

ያደገው ፖርቶ ካይሚቶ በተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ሲሆን፣ በወጣትነቱ በዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ሠርቷል። በ1990 ለያንኪስ ፈረመ። ከ1997 ጀምሮ በዋናነት የተጠቀመበት አወራወር «ከተር» ይባላል፤ ኳሱ ቀጥ ብሎ ይመጣና መቺው ጋ ሊደርስ ሲል ወደ ጎን ይታጠፋል። መቺዎች ይህ ኳስ እንደሚመጣ ቢያውቁም በደንብ መምታት ይቸግራቸው ነበር።

በ1996፣ 1998፣ 1999፣ 2000 እና 2009 የአሜሪካ ቤዝቦል ሻምፒዮና የሆነውን ወርልድ ሲሪስ ከቡድኑ ጋር አሸንፏል። በ2001 ግን በወሳኙ ሰባተኛ ጨዋታ ቡድኑ 2 ለ 1 እየመራ ገብቶ፣ በአሪዞና ዳይመንድባክስ 3 ለ 2 ተሸነፉ።

በሜይ 2012፣ በ42 ዓመቱ፣ ከጨዋታ በፊት ሲለማመድ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሆኖም በ2013 ተመልሶ 44 ሴቭ ካስመዘገበ በኋላ ጫማውን ሰቀለ። በ2019 ከ425 መራጮች የ425ቱንም ድምፅ አግኝቶ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ የገባ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆኗል።