የቦነያን ሌሊት ማን ይሣለው?

ባለፈው ሳምንት ኑኑ ቁምባ የሚያስተምር የቀድሞ ተማሪዬ የአንድ ልጅ ደብተር ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። የደብተሩ የኋላ ገጾች በሙሉ ሱፐርማንና ስፓይደርማን ናቸው። በእስክሪብቶ ነው የተሣሉት፣ ካባው ብቻ በቀይ ተቀልሟል። "ቲቸር፣ ታሪክ ሳስተምር ነው የያዝኩት፤ ልቅጣው ወይስ ልሸልመው?" ይላል። ሸልመው አልኩት። ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለ ይኸው ረዘም አድርጌ ጻፍኩት። ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ጀግናን በሳጥን በሳጥን ከፍሎ መሣል ከስልክ ጋር የመጣ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ ስትሄዱ ቸርችል ጎዳና ወዳሉት የባህል ዕቃ መሸጫዎች ጎራ በሉ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ሳጥን ተሥሎ ታገኙታላችሁ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር ይነበባል። መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ የሚገብርለት ዘንዶ አለ። ከዚያ አጋቦስ የሚባል ሰው ይመጣና ዘንዶውን ይገድለዋል። በምን? በጦር አይደለም። ፍየሏን መርዝ ያበላትና ለዘንዶው ያቀርብለታል፣ አለቀ። ልጅ ሆኜ ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር፤ ማጭበርበር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ሳጥን ነው። ሰውዬው ጡንቻ የለው፣ ካባ የለው፣ ያለው ፍየል ነው።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ካባ ለባሹን ከሌላ ወገን ለማየት የሞከሩበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 "ማርቭልስ" የሚባል ሥዕላዊ ታሪክ ወጣ። ጸሐፊው ከርት ቢዩሲክ፣ ሠዓሊው አሌክስ ሮስ ነው። ሮስ እንደ ተለመደው ኮሚክ በጥቁር መስመር ከቦ ቀለም አልሞላም፤ እያንዳንዱን ሳጥን በብሩሽ ቀባው፣ ፊቶቹ ጎረቤታችሁን እስኪመስሉ ድረስ። ባለታሪኩም ሱፐርሂሮ አይደለም። ፊል ሼልደን የሚባል፣ መንገድ ላይ ቆሞ ሽቅብ እያየ ፎቶ የሚያነሳ የጋዜጣ ሰው ነው። ኃያላኑ ሲጣሉ ግንብ የሚፈርሰው በእሱና በሰፈሩ ሰው ላይ ነው። በዚሁ ጣጣ አንድ ዓይኑንም ያጣል። (በእኛ የአድዋ ሥዕሎች ባለ አንድ ዓይን ሆኖ በጎን የሚሣለው ጠላት ነው፤ የወገን ፊት ሁለት ዓይን አለው። አሌክስ ሮስ ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር?)

እኛም ጋ ተጀምሯል። ብስራት ደበበ በ"እጣን ኮሚክስ" በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 "ጀምበር"ን አወጣ፤ ባለታሪኩ ገና ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ተመርቃችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣችው ጀግና ስሟ "ሀዊ" ነው። ወለጋ ላላችሁት ትርጉሙን አልነግራችሁም፣ ለሌላው ግን ምኞት ማለት ነው። ደስ ይላል። እኔ ግን ያ የኑኑ ቁምባ ልጅ እንዲሥለው የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ለሰፈሩ የሚቀርብ።

ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ምዕራቡ ግን ገና አልተያዘም ነበር። ሰኔ ውስጥ ሦስት የጣልያን አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ አረፉ። ዓላማቸው የወለጋን ባላባቶች አባብሎ አገሩን ያለ ጦርነት መያዝ ነበር። ከመጡት መሐል የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮና አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበሩ። ሎካቴሊን ልብ በሉልኝ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቪየና ሰማይ ድረስ በርረው ከተመለሱት አብራሪዎች አንዱ ነው፤ ለጣልያን ልጆች በሰማይ የሚበር ጀግና ማለት እሱ ነበር።

ሰኔ 20 ሊነጋ ሲል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች ደረሱባቸው። ኮሎኔል በላይ ኃይለአብና ክፍሌ ነሲቡ ከመሪዎቹ ነበሩ፤ በኋላ በ"ጥቁር አንበሳ" ስም የምናውቃቸው ናቸው። ትምህርታቸውን በወጉ ሳይጨርሱ አገር የፈረሰባቸው ወጣቶች ናቸው። ሦስቱንም አውሮፕላኖች አቃጠሉ። አሥራ ሁለት ጣልያኖች ሞቱ፤ ጄኔራሉም ሎካቴሊም እዚያው ቀሩ። የተረፈው አስተርጓሚ ሆኖ የመጣው ቄስ፣ አባ ቦሬሎ፣ ብቻ ነው።

እንግዲህ እዩት። ሱፐርማን ገና አልተወለደም፤ እሱ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ቦነያ ላይ የሚበረው ወራሪው ነው፤ ጀግናው በእግሩ ነው የመጣው።

ለሠዓሊ የሚከብደው ግን እሳቱ አይደለም። ሁለት ዓይን የሚሣለው ለማን ነው? በዚያው ሰሞን ደጃዝማች ሀብተ ማርያምና ሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ለመሆን ለመንግሥታቱ ማኅበር አመልክተው ነበር። ከማዕከሉ ጋር የቆየ ቅሬታ ነበራቸው፣ ቅሬታውም ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እነዚህን በጎን ሥዬ ባንድ ዓይን ላስቀራቸው? ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተከራክረንበታል፣ ታስታውሳላችሁ። እኔ እስከ ዛሬ እጄ አይታዘዝልኝም። የጥቁር አንበሶቹም ደንብ ገበሬ እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይጎዳ የሚል ነበረበት። ደንብ ያወጡት ገበሬው በወታደር ሲበደል ስላዩ ነው።

ለዚህ ነው የፊል ሼልደን ዘዴ የሚሻለኝ። የቦነያን ሌሊት ከካዴቶቹም ከባላባቶቹም ወገን አትሣሉት። በጎጆው በር ላይ ቆሞ እሳቱን የሚያይ ገበሬ አድርጉ፤ ማን ማንን እንዳቃጠለ ገና ያላወቀ፣ ከብቶቹን ወዴት እንደሚነዳ የሚያስብ።

መጨረሻውም እንደ ኮሚክ አያምርም። ጥቁር አንበሶቹ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ታኅሣሥ 1929 ላይ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡና እጃቸውን ሰጡ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ የካቲት 12 መጣ፤ በላይም ክፍሌም ከብዙ ጓዶቻቸው ጋር ተገደሉ።

ለተማሪዬ እንዲህ ብዬ መለስኩለት፦ ለልጁ ባለ ቀለም እርሳስ ግዛለት፣ ብሩን እኔ እልካለሁ። ቀይ ካባ መቀባት እንደሚችል አይቻለሁ፤ ከጎጆ በር የሚታይ እሳት ይችል እንደሆነ ጠይቅልኝ።