የጀንዳ ማኅበር ታሪክ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ጣናን ወደ ሰሜን የሚሻገር መንገደኛ ጎርጎራ ይደርሳል፤ ከዚያም በላይ የተዘረጋው ጥቁር አፈር ሜዳ ደምቢያ ነው። በዚህ አገር ጀንዳ በምትባል ስፍራ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን አንድ የወንጌል ማኅበር ተሰበሰበ። የራሱ የሆነ የጥምቀት ሥርዐት ያልነበረው ማኅበር ስለ ሆነ ታሪኩ ከሌሎቹ የተለየ ነው።

ነገሩን ያስጀመረው መጽሐፍ ነው። የጎጃሙ ሰው አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጦ ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መልሶት ነበር። የስዊስ ተወላጁ ሳሙኤል ጎባት በ1822 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ከዚሁ ትርጉም የታተመውን ወንጌል ይዞ መጣ። ጎባት በኋላ በኢየሩሳሌም ጳጳስ በሆነ ጊዜ፥ በባዝል አጠገብ ባለችው በክሪሾና ትምህርት ቤት የተማሩትን የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ከነርሱም አንዱ ማርቲን ፍላድ ነበር።

በ1852 ዓ.ም. ሄንሪ ስተርን ከለንደን ማኅበር ተልኮ መጣ። ሐሳቡም በዚያ ዘመን ፈላሻ ይባሉ ለነበሩት ለቤተ እስራኤል ወንጌልን ለማስተማር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና አቡነ ሰላማ ፈቀዱለት፤ ነገር ግን ያመነ ሁሉ በአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቅ፥ ሌላ ቤተ ክርስቲያንም እንዳይቆም አዘዙ። ፍላድም በጀንዳ ተቀምጦ ማስተማር ጀመረ። ቤተ እስራኤል ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ የመጽሐፍ ሰዎች ናቸውና፥ ከካህናቶቻቸው ጋር ስለ መሥዋዕት የሚደረገው ክርክር ብርቱ ነበር። አማርኛው መጽሐፍ ግን ግዕዝ ለማያውቀው ገበሬና ሸማኔም ተነበበለት።

ያ ትእዛዝ ለውጭ አገር ሰዎች የከበደ ቀንበር መስሎ ታያቸው፤ ማኅበሩን ያቆየው ግን እርሱ ሳይሆን አይቀርም። ስተርን የንጉሠ ነገሥቱን እናት ኮሶ ሻጭ ነበሩ ብሎ በመጽሐፉ በመጻፉ፥ ሌላም ምክንያት ተጨምሮበት፥ በ1856 ዓ.ም. ታሰረ። እንዲህ ያለውን ነገር ጽፎ ወደዚያው ንጉሥ አገር መመለስ በእውነት ትልቅ ድፍረት ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ የውጭዎቹ ሁሉ አገሪቱን ለቀቁ፤ ዐፄ ዮሐንስም እንዲመለሱ አልፈቀዱም። በጀንዳ ግን የሚዘጋ የተለየ ቤተ ክርስቲያን፥ የሚባረር ባዕድ ቄስ አልነበረም። ፍላድ ያሳደገው ሚካኤል አረጋዊ በክሪሾና ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰና ከሌሎች የአገር ተወላጆች ጋር ማስተማሩን ቀጠለ። ፍላድም ወደ ውስጥ መግባት ስለ ተከለከለ በምጽዋ አጠገብ ባለችው በምንኩሉ ይገናኛቸው ነበር፤ ወደዚያ ለመድረስ የብዙ ሳምንት መንገድ በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በደምቢያ ሣር ውሃ ድል አድርገው ጎንደርን አቃጠሉ፤ አገሩም ጠፋ። ወዲያው የከብት እልቂትና ክፉ ቀን ተከተለ። የጀንዳ ሰዎችም ከጎረቤቶቻቸው ጋር አለቁ፥ ተሰደዱም። ሚካኤል አረጋዊ ግን የተረፉትን እየፈለገ እንደ ገና መሰብሰብ ጀመረ፤ በዚህም ሥራ ብዙ ዓመታት ኖረ።