ቆሎና ጠጠር

አያቴ በልጅነታቸው ከሞጣ ተነሥተው፣ ደበሎ ለብሰውና አኩፋዳ አንግበው፣ ከብቸና ብዙ ወደማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ለቅኔ የሄዱ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው የለመኑት ቁራሽ ባልበቃ ጊዜ ስንቃቸው ቆሎ ነበር። በስተርጅና ሲያጫውቱኝ አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር፤ ቆሎ ውስጥ ጠጠር ስታጋጥም አፍ የሚከፈተው ሰውየው ከማወቁ በፊት ነው ይሉ ነበር።

የሩቅ አገር ሊቃውንትም ይህንኑ ሲመረምሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የቻርልስ ቤልና የኸርበርት ማዮ ምርምር የፊትን ነርቮች ሥራ ለየ፤ የጥርስንና የመንጋጋን ስሜት የሚያደርሰው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ መሆኑ ታወቀ። በ1917 ቻርልስ ሸሪንግተን፣ ላይኛው የአንጎሏ ክፍል በተለየባት ድመት እንኳ ድዷ ወይም ጥርሷ ሲነካ መንጋጋዋ እንደሚከፈት ጻፈ። ትእዛዙ የሚወጣው እንግዲህ ከሐሳብ መኖሪያ በታች፣ አንጎልን ከህብለ ሰረሰር ከሚያገናኘው ከአንጎል ግንድ ነው።

ግንዱ መልእክቱን ሁሉ በአንድ ደጃፍ አይቀበልም። ልስላሴና ሻካራነት በዋናነት ወደ መካከለኛው ክፍሉ ይገባሉ፤ ሕመምና ሙቀት ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የመንጋጋ ጡንቻ መሳሳብና በጥርስ ላይ ያረፈ ጫና ደግሞ እስከ ላይኛው ክፍል ይዘልቃሉ። እጅግ የሚያስደንቀው ይህ የመጨረሻው ነው። የስሜት ነርቮች ሕዋሳት እንደ ደንቡ ከግንዱ ውጭ ተሰብስበው ይኖራሉ፤ እነዚህ ግን ከውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። በ1940 ኮርቢንና ሃሪሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የድመት መንጋጋ ሲከፈትና ጥርሷ ሲጫን ከዚያ ስፍራ የሚነሣውን የኤሌክትሪክ ምልክት መዘገቡ። መዝጊያ ጡንቻዎችን የሚያዝዙት ሕዋሳትም እዚያው ግንዱ ውስጥ ስለሆኑ፣ የጠጠሯ ወሬ ወደ ላይ ተጉዞ «ጠጠር ነው» እስኪባል ድረስ መንጋጋው ንክሻውን ገትቶ ይቆያል።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። ጫናን የሚለኩት የነርቭ ጫፎች የተተከሉት በጥርስ ሥርና በአጥንት መካከል ባለች ስስ ጅማት ላይ ነው። ጥርስ ሲነቀል ወፍጮው መልእክተኛውን ይዞ ይሄዳል፤ የጡንቻው ስሜት ግን ይቀራል።

አያቴ በመጨረሻ ዘመናቸው አንድም ጥርስ አልነበራቸውም። አያቴ ሴቲቱ ገብሱን ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ በሶ ይበጠብጡላቸው ነበር። አመስግነው ይጠጡና ወደ ቆሎው ሰፌድ ያያሉ። በሶ ያጠግባል፣ ግን አያናግርም ይሉ ነበር። እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ምን ማለታቸው እንደነበር የገባኝ ይመስለኛል።