የክተት ሠራዊት

አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው የተሰየመላቸው ራስ አሉላ እንግዳ ቁቢ የተምቤን ሰው ነበሩ፤ «አባ ነጋ» የፈረስ ስማቸው ነው። በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ድል አድርገዋል። በዘመናቸው አብዛኛው የአገሪቱ ሠራዊት የሚሰበሰበው በክተት፣ ማለትም በዘመቻ ጥሪ ነበር።

የክተት አዋጁ ነጋሪት እየተጎሰመ ይታወጃል፤ የመሰብሰቢያው ቦታና ጊዜም ይነገራል። የቀረ ይቀጣል። ባላገሩ መሣሪያውንና ስንቁን ይዞ በአለቃው ሥር ይሰለፋል። ብዙ ጊዜ ሴቶች፣ አገልጋዮችና የጭነት ከብቶች አብረው ስለሚጓዙ፣ ሰፈሩ ጦር ብቻ ሳይሆን ተንቀሳቃሽ ከተማ ነበር ማለት ይቻላል። ስንቅ ሲያልቅ ሸክሙ በሚታለፍበት አገር ገበሬ ላይ ይወድቃል። የድል ታሪክ ይህን ወጪ እምብዛም አያነሳውም።

ከሁሉ የታወቀው የዐፄ ምኒልክ የመስከረም 1888 ዓ.ም. አዋጅ ነው። የሸዋ ጦር ወረኢሉ ላይ ከተተ፤ ከዚያም ኢጣሊያኖችን ለመውጋት ወደ ሰሜን ዘመተ። መቀሌ ላይ ኢጣሊያኖች በእንዳየሱስ ምሽግ ተከበቡ፤ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውኃ ምንጫቸው ስለተያዘ በጥር ምሽጉን ለቀው ወጡ። የካቲት 23 ዓድዋ ላይ ራስ አሉላም ከተዋጉት መሪዎች አንዱ ነበሩ፤ በ1889 ዓ.ም. ከተቀናቃኛቸው ከራስ ሐጎስ ጋር ባደረጉት ውጊያ ቆስለው ሞቱ።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣሊያ እንደገና ስትወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ነጋሪት አስጎስመው ክተት አወጁ። በኋላ ግን መደበኛው ጦር የክተትን ቦታ ያዘ።