ምላጭ በሰው እጅ፦ ጺም የመላጨት ሙያ በዲላና በጌዴኦ ምድር

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዲላ፣ ታሪኳ ሲነሣ አብሮ የሚነሣው ቡና ነው፤ ቡናው ግን ነጋዴውን፣ ሾፌሩን፣ ወታደሩንና የመንግሥት ሠራተኛውን እየሳበ ስላመጣ፣ እነዚህን ሰዎች በማገልገል የኖሩት አነስተኛ ሙያዎችም የዚያው ታሪክ አካል ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ጸጉር አስተካካይነት ሲሆን፣ በሙያው ውስጥ ለጀማሪ ከሁሉ የሚከብደው ታጣፊውን ምላጭ፣ ማለትም ከእጀታው ውስጥ እየተዘረጋ የሚወጣውንና እየተሳለ ለዓመታት የሚያገለግለውን ረጅም ስለት፣ በሰው ፊት ላይ ማንቀሳቀስ ነበር። በአውሮፓ ይህ መሣሪያ ሰው ራሱን በራሱ መላጨት የተማረበት ነው፤ በኢትዮጵያ ግን በአመዛኙ በሌላ ሰው እጅ ኖሮ በሌላ ሰው እጅ ያረጀ ነው። የራስን ጺም በገዛ እጅ የመላጨት ልማድ የተስፋፋው ታጣፊው ምላጭ ወደ ዳር መገፋት ሲጀምር ነው፤ የሙያውም ታሪክ የሚገባን ከዚህ ልዩነት ስንነሣ ነው።

ታጣፊው ምላጭ ከመምጣቱ በፊት በአገሪቱ ምላጭ የሚባለው ቀጥቃጭ፣ ማለትም ብረት አግሎ የሚሠራ ባለ እጅ፣ ያወጣው አጭር ስለት ነበር። አገልግሎቱም ጸጉር ከመላጨት እጅግ የሰፋ ነው፤ ሕፃናት ይገረዙበታል፣ እንጥል ይቆረጥበታል፣ እባጭ ይበጣበታል፣ በዋግምት ጊዜም፣ ማለትም በቀንድ እየመጠጡ ደም በሚያወጡበት የባህል ሕክምና፣ ቆዳው የሚበጣው በዚሁ ነው። «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡታል» የሚለው ተረትና ምሳሌ ትርጉም የሚሰጠው ሰሚው ሁሉ ይህን የሕክምና አገልግሎት አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚያዘው እጁ በተፈተነ ሰው ስለሆነ፣ ወጣት በገዛ ፊቱ ላይ እየሞከረ ይማርበታል ብሎ ማሰብ ያዳግታል።

ራስ መላጨትም ቢሆን የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል የወንድ ሕፃን ራስ ዙሪያው ተላጭቶ አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለት፣ ልጃገረድ መሃል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን በማስቀረት ሳዱላ ትሆን፣ ሐዘንተኛም ራሱን ይላጭ ነበር። በደቡብ በኩል ደግሞ፣ አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናቱ እንደገለጸው፣ ቦረናዎች ዳባሌ በሚባለው የመጀመሪያ እርከን ላይ ያሉትን ወንዶች ልጆች ጸጉር ሳይቆርጡ አሳድገው፣ ወደ ቀጣዩ እርከን ሲሸጋገሩ በሥርዓት ይላጩላቸዋል። የጌዴኦ ሕዝብ በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚያሸጋግርበት የባሌ ሥርዓት ከዚሁ ከገዳ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ አጎራባቾቹ ጉጂዎችም ባለ ገዳ ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የምኒልክ ሠራዊት አካባቢውን ሲይዝና እንደ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ያሉ ገዥዎች ሲዳሞን ሲያስተዳድሩ፣ ከሰሜን የመጣው ሠፋሪ የራሱን የጸጉር ልማድ ይዞ ገባ፤ ስለዚህ በዚህ ምድር ምላጭ በአንድ ባህል ብቻ የሚፈታ ዕቃ አይደለም።

በአውሮፓ ነገሩ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። በፓሪስ ምላጭና ቢላ ይሠራ የነበረው ዣን ዣክ ፔሬ እ.ኤ.አ. በ1769 ሰው ራሱን መላጨት የሚማርበትን መጽሐፍ አወጣ፤ እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሀንትስማን በዚያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሸክላ ማቅለጫ ያመረተው ጥሩ ብረትም የሼፊልድን ከተማ በስለት ሥራ ስመ ጥር አደረጋት፤ የጀርመኗ ዞሊንገንም በዚሁ ሙያ ታወቀች። ታጣፊው ምላጭ ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች ሲገባ ግን ከፔሬ መጽሐፍ ዓይነቱ ትምህርት ተነጥሎ፣ የጸጉር አስተካካዩ መሣሪያ ሆኖ ነው። በመንገድ ዳር ከተሞች መስታወት፣ ወንበርና ፎጣ ያለው ሰው ሱቅ ከፈተ፤ ሱቅ ያልነበረውም መስታወቱን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሠራ። ቀድሞ የደራሳ፣ ማለትም የጌዴኦ፣ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው ዲላ፣ የቡና ገበያና የመኪና ማረፊያ እንደመሆኗ፣ ለዚህ ሥራ የምትመች ነበረች።

ሙያው የሚወረሰው በማየት ነው። በታጣፊው ምላጭ ዘመን ለማጅ መጀመሪያ ይሰጠው የነበረው ምላጩ ሳይሆን ጠፍሩ፣ ማለትም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለቱ የሚፋተግበት የቆዳ ማሰሪያ ነበር፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት ምላጩ በጠፍሩ ላይ ጀርባው እየቀደመ አፉ እየተከተለ መመላለስ አለበት፤ ሲገለበጥም የሚዞረው በጀርባው ላይ ነው። በአፉ በኩል የገለበጠ ለማጅ ጠፍሩን ይሸነትራል፣ ስለቱንም ያጥፋል፤ አለቃውም ዱልዱም የሆነውን ምላጭ በመሳያ ድንጋይ ላይ እንደገና ማውጣት ይኖርበታል። በድንጋዩ ላይ ደግሞ ጀርባውና አፉ እኩል ተኝተው መሄድ አለባቸው፤ ጀርባው ከተነሣ የስለቱ ማዕዘን ይበላሻል። ይህን ሥራ ለማጁ የሚያገኘው በመጨረሻ ነበር፤ ተገቢም ነበር፣ የሥራው ሁሉ መሠረት እርሱ ነበርና።

ፊት ላይ የሚጀመረው በጉንጭ ነው፤ ሜዳና ለመወጠር የሚመች ስለሆነ። ጺሙ በሙቅ ውሃና በሳሙና አረፋ ከለሰለሰ በኋላ፣ ግራ እጅ ቆዳውን ይወጥራል፣ ቀኝ እጅ ምላጩን ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ በአጫጭር ጉዞ ይመራዋል። ማዘንበሉ ከበዛ ስለቱ ቆዳውን ይቆርጣል፣ ካነሰ ጸጉሩን ይነጫል። የጌዴኦ ሴቶች እንሰት በቀርከሃ ሲፍቁ የክንዳቸውን ኃይል ይጫኑበታል፤ ምላጭ ግን ክብደቱ ብቻ ይበቃዋል፣ ጀማሪን የሚያስቸግረውም ይህን ኃይል መተው ነው። አገጭ፣ የላይኛው ከንፈርና ማንቁርት በስተኋላ ይመጣሉ፤ ማንቁርቱ ላይ ቆዳው ወደ ጎን ተስቦ ከጉብታው ላይ ካልተነሣ ስለቱ ያደናቅፋል። በሌላ አገር የሚታወቀው ልምምድ ነፍቶ አረፋ የቀቡትን ፊኛ ሳያፈነዱ መላጨት ነው፤ ዘዴው እጅን ያለዝባል፣ የሰው ቆዳ ግን እንደ ፊኛ ተወጥሮ አይጠብቅም።

ጠምዛዛ ጸጉር ላለው ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። እጅግ ተጠግቶ የተላጨ ጺም ሲያድግ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባና እብጠት ያወጣል፤ ስለዚህ የበሰለ አስተካካይ ጸጉሩ ወደበቀለበት አቅጣጫ ብቻ ይላጫል፣ በተቃራኒው ሄዶ ማለስለስን አይመኝም። ለአውሮፓውያን በተጻፉት መመሪያዎች ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር እንደ ተራ ነገር መቆጠሩ ለዚህ አገር ፊት አይበጅም።

የአካባቢው አየር ንብረትም በመሣሪያው ላይ ይፈርዳል። ጌዴኦ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግና ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ፣ ዝናብ በብዛት የሚያገኝ ምድር ነው፤ ጥሩ ስለት የሚወጣው ካርበን ያለው ብረት ደግሞ በእርጥበት ይዝጋል። ከሥራ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ያልተወለወለና ዘይት ያልነካው ምላጭ ጫፉ ላይ በሚታይና በማይታይ ዝገት ይበላል፤ ጠፍሩም ሻጋታ ይይዘዋል።

ታጣፊውን ምላጭ ከሥራ ያስወጣው ግን ዝገት አይደለም። ኪንግ ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1904 የፈጠራ መብቱን ያገኘበት፣ በሁለት በኩል ስለት ያለውና ሲደነዝ የሚጣለው ስስ ምላጭ፣ ወደ ኢትዮጵያ ሱቆች ሲደርስ ማንም በሳንቲም ገዝቶ ቤቱ የሚወስደው ዕቃ ሆነ፤ ተማሪ እርሳስ ቀረጸበት፣ ልብስ ሰፊ ስፌት ፈታበት፣ ወንዶችም በመያዣው አድርገው ራሳቸውን መላጨት ለመዱበት። ቆዳ መወጠርን፣ ማዘንበልን፣ መሳልን ሳይማሩ መላጨት የሚቻልበት ዘመን መጣ።

ቀጥሎ ኤችአይቪ ደረሰ። ቫይረሱ በአገሪቱ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1978 ዓ.ም. ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያድሩባቸው የመንገድ ከተሞች ለወረርሽኙ ተጋልጠው ስለነበር፣ ሕዝባዊው ትምህርት እንደ ዲላ ላሉት ከተሞች በቅርብ የሚመለከት ነበር። ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቢሆንም፣ ስለታም ነገር በጋራ አለመጠቀም የትምህርቱ ቋሚ ነጥብ ሆነ፤ ከሰውነት ውጪ ቀናትን ለሚቆየው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ ማስጠንቀቂያው ይበልጥ ተገቢ ነበር። አንድን ምላጭ እየሳለ ከፊት ወደ ፊት የሚያዛውረው አስተካካይ ከዚያ በኋላ ደንበኛን ማሳመን አልቻለም።

ዛሬ በጸጉር ቤቶች የሚሠራው በአመዛኙ በቶንዶዝ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መቁረጫ ነው፤ ጥርሱ በአልኮል ይጸዳል፣ አንዳንዴም በእሳት ይለበለባል። የታጣፊው ምላጭ ቅርጽ ግን አልጠፋም፦ አስተካካዩ አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ ለደንበኛው ካሳየ በኋላ መሃሉን ቀጭ አድርጎ ለሁለት ይሰብረዋል፣ ግማሹን ታጣፊ መያዣው ውስጥ ያስገባል፣ የጸጉሩን ዳርና የጺሙን መስመር ያወጣበታል፣ ሲጨርስም ይጥለዋል። ጠፍሩና መሳያው ድንጋይ ከሙያው ወጥተዋል፤ ጉንጭ መወጠሩ፣ 30 ዲግሪው፣ ማንቁርቱን ወደ ጎን መሳቡ ግን ለማጁ አሁንም ከአለቃው አጠገብ ቆሞ የሚያያቸው ናቸው፤ መብራት ጠፍቶ ቶንዶዙ ሲቆምም የተጀመረው ሥራ የሚያልቀው በመቀስና በዚያች ግማሽ ምላጭ ነው።