«ምርት አልጨመረም» ያለው የአንጀኒ መዝገብ

ከደምበጫ ከተማ በፈረስ ቤት መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ አንጀኒ ትገኛለች። ምንጨት የሚባል ትንሽ ወንዝ የሚወርድባት፣ 113 ሄክታር ብቻ የሆነች ተፋሰስ ናት። በአገራችን የአፈር ጥናት ታሪክ ውስጥ ግን ስሟ ከስፋቷ በላይ ነው። ዛሬ የማነሣላችሁ አንጀኒ ላይ «አልሠራም» የሚል ውጤት እንዴት ተመዝግቦ ለሕዝብ እንደወጣ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከረሃብ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ወሎን ከመታው ረሃብ በኋላ መንግሥት የተራቆተውን ደጋ ለማዳን በምግብ ለሥራ እርከን ማሠራት ጀመረ። የቱ ዓይነት እርከን የት ቦታ እንደሚሠራ ግን የተለካ ነገር አልነበረም። ስለዚህ በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በሐንስ ሁርኒ መሪነት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም መሠረቱ። ወሎ ላይ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ ላይ አንዲት ጥድ፣ በ1984 ደግሞ አንጀኒ ተከፈተ። ሥራው አሰልቺ ነበር፦ የዘነበውን ዝናብ፣ የወረደውን ጎርፍ፣ ጎርፉ የወሰደውን አፈርና የታጨደውን ምርት ዓመት ከዓመት መለካት።

በ1986 አንጀኒ ከዳር እስከ ዳር «ፋኛ ጁ» በሚባለው እርከን ተሸፈነች። ቃሉ ስዋሂሊ ነው፤ «ወደ ላይ ወርውር» እንደማለት። ቦይ ይቆፈርና አፈሩ ወደ ላይኛው በኩል ይጣላል። ከኬንያ የመጣ ዘዴ ነው።

ውጤቱስ? ካርል ኸርቬግና ኤቫ ሉዲ የአንጀኒንና የሌሎቹን ጣቢያዎች ልኬት ሰብስበው በ1999 «ካቴና» በተባለ የሳይንስ መጽሔት አወጡት። በእርከኖቹ የሚታጠበው አፈር በእጅጉ ቀንሷል። ምርቱ ግን በአብዛኛው አልጨመረም።

ምክንያቱ ለደምበጫ ገበሬ እንግዳ አይደለም። አንጀኒ ላይ በዓመት ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። ውሃ ማቆር ለደረቅ አገር በረከት ነው፤ እዚህ ግን ውሃው ከእርከኑ ጀርባ ይተኛና ሰብሉን ያበሰብሳል። እርከኑ ራሱ ከማሳው ላይ ቦታ ይቆርጣል። በሬ ማዞሪያም ያጠብባል። የጎጃም ገበሬ በማረሻው ፈሰስ እያወጣ ትርፉን ውሃ ሲያስወጣ የኖረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

አስቡት። ፕሮግራሙ የተመሠረተው የአፈር ጥበቃ ሥራውን ለመደገፍ ነበር። ተመራማሪዎቹ የአፈሩን ቁጥር ብቻ አውጥተው የምርቱን መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀሩት ማን ይጠይቃቸው ነበር? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ሮዘንታል በ1979 ይህን አመል «የመሳቢያ ችግር» ብሎ ሰይሞታል፦ የተሳካው ይታተማል፣ ያልተሳካው ይቆለፍበታል፤ አንባቢም ሁሉ ነገር የሚሠራ ይመስለዋል።

የአንጀኒ መሳቢያ ክፍት ስለነበር ክርክሩ ቀጠለ። በ2008 መናለ ካሴና ባልደረቦቹ በዚሁ በአንጀኒ አካባቢ ማሳዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ፋኛ ጁ ያለበት መሬት ከሌለበት ያነሰ የምርት ዋጋ እንደሚያስገኝ አሳዩ። በ2013 ደግሞ እንየው አድጎና ባልደረቦቹ ተቃራኒውን አገኙ፦ እርከኑ ዓመታት ቆይቶ ደልደል ሲል የጤፍ ምርት ከሌለበት ማሳ እጥፍ ገደማ ሆነ። ማን ትክክል ነው? ምናልባት ሁለቱም። የሚለኩት ጊዜና ማሳ ይለያያል። ዋናው ነገር ሁለቱም መልሶች ጠረጴዛ ላይ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው «አልጨመረም» ባይጻፍ ኖሮ፣ «ከስንት ዓመት በኋላ?» ብሎ የሚጠይቅም አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ባለፉት ዓመታት ጥር በመጣ ቁጥር በተፋሰስ ዘመቻ ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ ሲቆፍር አይተናል። በዜና የምንሰማው ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፣ ይህን ያህል ሕዝብ ወጣ የሚል ነው። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ክረምቱን ተሻገረ? ስንቱ ማሳ ውሃ ተኛበት? ስንቱን ገበሬው አፈረሰው፣ ለምን? እነዚህ ጥያቄዎች ከዕቅድ አፈጻጸሙ ጋር አብረው ሲነበቡ አልሰማሁም። ጉድለት የጻፈ ባለሙያ «ደካማ አፈጻጸም» ተብሎ የሚገመገም ከሆነ ማን ይጽፋል? ያልተጻፈው ውድቀት ደግሞ አይጠፋም፤ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ቀበሌ፣ በሌላ ገበሬ ጉልበት ይደገማል።

የታተመው ሁሉ ደርሷል ማለትም አይደለም። የአንጀኒ ውጤት የወጣው በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር መጽሔት ነው። ልኬቱ የተወሰደበት መሬት ባለቤት ግን አማርኛ ተናጋሪ ነው። መሬቱ የእሱ ነው፣ ዝናቡ የእሱ ነው፣ ምርቱ ሲቀንስ የሚራበውም እሱ ነው። ስለዚህ የግብርና ጽሕፈት ቤቶቻችንና የምርምር ተቋሞቻችን ከሚሰቅሉት የስኬት ሰሌዳ ጎን አንድ ሌላ ሰሌዳ ይስቀሉ፦ «ሞክረን ያልሠራልን» የሚል፣ በአማርኛ፣ ቀበሌ ድረስ የሚደርስ።

እናንተ ባላችሁበት አካባቢ ተሞክሮ ያልሠራ፣ ግን ማንም ያልጻፈው ነገር ምንድን ነው?