ከዕቃ ቤት እስከ ገነተ ልዑል

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ የሚገባ መንገደኛ ግራ ቀኙን ቢመለከት በዛፍ የተከበቡ አብያተ ክርስቲያናት ያያል። በብዙዎቹ ቅጥር ግቢ ውስጥ ዕቃ ቤት የምትባል ትንሽ ቤት አለች። ብራናው፣ መስቀሉ፣ ከበሮው የሚቀመጠው እዚያ ነው። በዚያው ቅጥር ውስጥ የቆሎ ተማሪው ዳዊት ይደግማል፣ ቅኔ ይቆጥራል። እንግዲህ ትምህርት ቤትና የቅርስ ማኖሪያ በአንድ አጥር ውስጥ መኖራቸው ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

አባቶቻችን ደግሞ ዕቃውን ማኖር ብቻ ሳይሆን አድራሻውንም ጽፈው መተው ያውቁ ነበር። ብራናውን ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደሰጠው፣ የሰረቀውም ሆነ ጽሕፈቱን የፋቀው የተወገዘ እንዲሆን በራሱ በመጽሐፉ ላይ የማስፈር ልማድ ነበራቸው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤትስ? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሥራ ጀመረ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስታኒስላው ሆይናትስኪ የሚባል የፖላንድ ተወላጅ ነበር። ይህ ሰው ከመጻሕፍቱ ጎን መስቀል፣ ሥዕልና የቤት ቁሳቁስ ማሰባሰብ ያዘ። ተማሪዎቹም የብሔረሰብ ጥናት ማኅበር አቋቁመው የየአገራቸውን ወግና ልማድ በራሳቸው መጽሔት ላይ ይጽፉ ነበር።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመረቀ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተጣለው በዚሁ ግቢ ነበር፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራም ታጋቾቹ የተገደሉት እዚሁ ነው። ያ ሁሉ ደም ያየ ቤት የትምህርት ቤት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲቋቋም ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ስብስብም ወደ ሙዚየምነት አደገ።

ለመሆኑ ዕቃዎቹ ከየት መጡ? ከሥዕሎቹና ከመስቀሎቹ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከነጋዴ የተገዙ ናቸው። ባይገዙ ኖሮ በቱሪስት ሻንጣ ከአገር ይወጡ ነበርና ሥራው የሚመሰገን ነው። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ለዚሁ ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሯል። ይሁንና ነጋዴ ያመጣበትን ደብር አይናገርም። ስለዚህ ሥዕሉ ተረፈ፤ አድራሻው ግን ጠፋ። ተመራማሪው የሠዓሊውን ዘመን ከሌላ ሥዕል ጋር እያስተያየ ሊገምት ይችላል፤ የትኛው ምእመን የት ሆኖ ይሳለመው እንደነበር ግን የሚነግረው የለም።

የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ትምህርት ቤት የራሱን የቅርስ ክፍል ላቋቁም ቢል ከዚህ የሚማረው አለ። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የመስታወት ሣጥን ሳይሆን መዝገብ ነው። የደብሩን ብራና ከደብሩ ማውጣት አያስፈልግም፤ ባለበት መመዝገብ ይበቃል። አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ከገበሬው ቤት ግን አገልግሉ፣ ገበታው፣ የእንዝርቱ ቅርጫት ከነባለቤቱ ታሪክ ሊሰበሰብ ይችላል።

አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1933 ዓ.ም. ቡሬና ማንኩሳ ላይ አርበኞችና ከሱዳን የገባው ጦር ከጣሊያን ጋር ተዋግተዋል። በዚያ አገር ከአያቱ የወረሰውን የጥይት ቀልሃ ወይም የወታደር ኮዳ ያስቀመጠ ቤተሰብ ቢገኝ፣ ተማሪው «ይህ የማን ነበር? የት ተገኘ?» ብሎ ካልጻፈ ኮዳው ተራ ቆርቆሮ ነው። ከጻፈ ግን የአንድ ቀበሌ ታሪክ ይሆናል።

ያንን ጦርነት በዓይናቸው ያዩት አልቀዋል ማለት ይቻላል። ከእነርሱ አፍ የሰሙት ልጆቻቸውም አርጅተዋል። ክፍሉ ሲሠራ ይደርሳል፤ መዝገቡ ግን ሊከፈት የሚገባው ዛሬ ነው።